ሱፐርቫይዘሬ በራሳቸው ፓስወርድ ያሰሩኝ ነበር፣ አሁን ኦዲት ሊመጣ ነው... ባንክ አይቲ ምትሰሩ ምን ትሉኛላችሁ?

ትሬይኒዋ_ከአዳማ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ረጅም ነው ይቅርታ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ በናታችሁ። ሃርድዌርና ኔትወርክ ሌቭል 4 ነኝ፣ አሁን የትብብር ስልጠና ላይ ነኝ፣ ኮሌጁ የመደበኝ አዳማ አንድ የግል ባንክ ዲስትሪክት ቢሮ አይቲ ክፍል ነው፣ የቱ ባንክ እንደሆነ አልናገርም ኢንቦክስም አትጠይቁኝ። አራት ወር ሊሞላኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስራው ትንሽ ልበል ምክንያቱም እዚህ ብዙ ጊዜ ባንክ አይቲ እንዴት ነው እያላችሁ ስትጠያየቁ አያለሁ። እኔ ከመግባቴ በፊት ሚታየኝ ጨለማ ክፍል፣ ብዙ ስክሪን፣ ሃከር ማባረር ምናምን ነበር። እውነቱ ፕሪንተር ነው። ጠዋት ፕሪንተር ከሰዓት ፕሪንተር። በተለይ የደብተር ማተሚያዋ፣ ሪበኗ ሲደክም ታደበዝዛለች፣ ደብተሩ ትንሽ ታጥፎ ከገባ ደግሞ መስመሩን አዛብታ አንዱን ቁጥር በሌላው ላይ ትደርበዋለች፣ ያኔ ደንበኛው ብሬ ጠፋ ብሎ ይጮሃል፣ እኔ ጠረጴዛ ስር ተንበርክኬ ገመድ እያየሁ ነኝ፣ ሰውየው ሚጮኸው እኔ ላይ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት ጋሼ (ሱፐርቫይዘሬን ጋሼ ነው ምላቸው፣ ሃምሳ ምናምን ይሆናቸዋል) አንድ ካርቶን ኬብልና ክሪምፐር (የኬብል ጫፍ መግጠሚያ) ሰጡኝና "ሃያ ፓች ኮርድ ሰርተሽ አምጪ" አሉኝ። ፓች ኮርድ ማለት አጭር የኔትወርክ ገመድ ነው፣ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች በቀለም ተራቸው ነው ሚገቡት፣ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ... በህልሜ ሁሉ እቆጥረው ነበር። ከሃያው አስራ አንዱ ቴስተር ላይ ወደቀ። አልተቆጡኝም፣ የአስራ አንዱንም ጫፍ ቆረጡና ጠረጴዛዬ ላይ መልሰው አስቀመጧቸው፣ "አስራ አንድ ይቀርሻል" ብቻ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰውየውን እወዳቸዋለሁ፣ ለዛም ነው ነገሩ የከበደኝ።

ሌላ ጊዜ ደሞ የወለንጪቲ ቅርንጫፍ መስመር መቼ እንደተቋረጠ ሎጉን አይተሽ ንገሪኝ አሉኝ። 02:14 ይላል። እኔ በሃበሻ ሰዓት አነበብኩትና "ጠዋት 2 ሰዓት ከ14 ነው ጋሼ፣ ሰራተኛ ሲገባ የሆነ ሰው ነቅሎት ይሆናል" ብዬ ማናጀሩ ድረስ አስደወልኩ። ለካ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ነው፣ ጥበቃው ብቻ ነበር ያለው፣ መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ አልቆ ነው። ማናጀሩ እስካሁን ሲያየኝ ሰዓት ስንት ነው ይለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ዲስትሪክቱ ሰላሳ ምናምን ቅርንጫፍ አለው፣ አይቲው ሁለት ሰው ነው፣ አንዱ ደግሞ ከለቀቀ ቆየ አልተተካም። እኔ ተማሪ ስለሆንኩ የራሴ ዩዘር ሚባል ነገር የለኝም፣ ኮምፒውተር ለመክፈት ራሱ በእንግዳ ዩዘር ነው። አንድ ቀን ጋሼ ሞጆ ሄደው ሳለ ስልክ በስልክ ላይ ሆነ፣ የሰው ዩዘር ሁሉ የተቆለፈው ያን ቀን ነው፣ ደወልኩላቸው፣ "በኔ ገብተሽ ፍቺላቸው" አሉና ፓስወርዱን ፊደል በፊደል ነገሩኝ፣ የልጃቸው ስም ነው ከነ ዓመተ ምህረቱ። ከዛ በኋላ ልማድ ሆነ። እሳቸው ፊልድ ሲወጡ እኔ በሳቸው ገብቼ እፈታለሁ፣ ሪሴት አደርጋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ከሪበን ቀያሪነት ወጣሁ አልኩ።

ከሶስት ሳምንት በፊት ሐሙስ ከሰዓት ከአንድ ቅርንጫፍ ተደወለ፣ ዩዘር ተቆልፎብናል፣ ማን፣ እከሊት፣ እሺ ብዬ ፈታሁ ፓስወርዱንም ቀየርኩ። ደዋዩ ወንድ ነበር፣ እሱም አልገረመኝም፣ ማንም ነው ሚደውለው። ባለፈው ሳምንት እዛው ቅርንጫፍ ለፕሪንተር ሄጄ ልጅቷን ሰላም ልበላት ብዬ የት አለች ስል "ወልዳ እቤት ናት እኮ፣ ሁለት ወሯ፣ አልሰማሽም?" አሉኝ። እግሬ ቄጤማ ሆነ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ተይው ልጄ፣ ከመጣም እኔ ጋ ነው ሚመጣው፣ አንቺ ምንም አታውቂም" አሉኝ። አሁን በሚቀጥለው ሳምንት ከዋናው መስሪያ ቤት ኦዲት ይመጣል ተብሏል። ዝም ካልኩ እኔ በሰራሁት እሳቸው ሊጠየቁ ነው። ከተናገርኩ ደሞ ፓስወርድ መስጠታቸውን ያጋለጥኩት እኔ ልሆን ነው። በዛ ላይ ሎግ ቡኬን (የየቀኑ ስራ መዝገቤን) ሚፈርሙልኝ፣ ውጤት ሚሞሉልኝ እሳቸው ናቸው፣ ያለዛ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና ፈተናው) ላይ መቀመጥ የለም። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

ሲስተም_የለም

ለካ እኛ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመን "ሲስተም የለም" ምንባለው ጋሼ ሞጆ ስለሄዱ ነው 😂😂

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ ዝም በይ ባክሽ። ተማሪ ነሽ፣ ደሞዝ የለሽ፣ ዋስ አላስጠራሽ፣ ምን ያገኙብሻል? መጋቢት 2016 ላይ ንግድ ባንክ ሲስተሙ ተዛብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ያለ ሂሳቡ ብር ሲያወጣ አድሮ የለ እንዴ፣ ያን ያህል ብር ወጥቶ ባንክ አልወደቀም ያንቺ አንድ ፓስወርድ ምን ያደርጋል።

የኦዲት_ሰው

ከላይ ያለውን ሰው አትስሚው። የጠቀሰው ነገር ራሱ ተቃራኒውን ነው ሚያሳየው። ያን ሌሊት ማን ከየት ስንት እንዳወጣ አንድ በአንድ ተመዝግቦ ነበር፣ ብር ያልመለሱትን ባንኩ በስም ዝርዝር ነው ያወጣቸው፣ ፎቶ ሁሉ ለጥፎ ነበር። ባንክ ውስጥ ሲስተም ይሳሳታል፣ መዝገብ ግን ይቀራል።

ስድስት ዓመት የአይቲ ኦዲት ሰርቻለሁ፣ አሁን ለቅቄያለሁ። እህቴ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። መጥተው መጀመሪያ ሚጠይቁት የዶሜን ኮንትሮለሩን (የሁሉንም ዩዘር ሚቆጣጠረውን ሰርቨር) ሎግ ነው። ዩዘር ሲፈታ 4767 ሚባል ቁጥር ይመዘገባል፣ ፓስወርድ ሪሴት ሲሞከር 4724፣ ማን እንደፈታ፣ የማንን፣ በስንት ሰዓት። የጋሼሽ ስም ይወጣል። ከዛ የፈቃድ ዝርዝር ከኤችአር ይወስዳሉ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያደርጋሉ፣ ይሄ የተለመደ ቼክ ነው፣ በፈቃድ ላይ ባለ ሰው ዩዘር የተሰራ ስራ መፈለግ። ልጅቷ ወዲያው ትወጣለች። ከዛ ጋሼሽ ያን ቀን የት ነበሩ? የመኪና መውጫ ፎርም አለ፣ የውሎ አበል ጥያቄ አለ፣ ፊልድ ነበሩ። ሎግኢኑ ግን (4624 ሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ) የመጣው ከዲስትሪክቱ ቢሮ ማሽን ነው። እና ማን ነበር እዛ ወንበር ላይ? "ምንም አታውቂም" ሚለው ነገር እዚህ ጋ ያልቃል። እሳቸው ደሞ "እኔ ነኝ" ብለው ከፈረሙ በኋላ እውነቱ ከወጣ፣ ፓስወርድ በመስጠት ሳይሆን በመዋሸት ነው ሚጠየቁት። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ሁለተኛ፣ አንቺ ያልገባሽ ይመስለኛል ለምን ከባድ እንደሆነ። ያቺ ልጅ ሲኤስኦ (የደንበኞች አገልግሎት ሰራተኛ) ናት አይደል፣ ማለትም ሜከር። እሷ ታስገባለች፣ ከሷ በላይ ያለው ቼከር ያጸድቃል። ከተወሰነ ብር በላይ አንድ ሰው ብቻውን ብር እንዳያንቀሳቅስ ነው ነገሩ የተሰራው። የዛን ቀን የደወለልሽ ሰው ቼከር ከሆነ፣ በሷ ዩዘር አስገብቶ በራሱ ያጸድቃል፣ አለቀ። ከፋቹም እሱ፣ ቆልፎ ሚሄደውም እሱ። ምናልባት ሰው አጥሮት ወረፋ ሊያስተናግድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደዛ ነው፣ ግን ያን ቀን በዛ ዩዘር የተሰራው እያንዳንዱ ትራንዛክሽን አሁን መመርመር አለበት።

ደሞ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሰው ዩዘር መዘጋት ነበረበት፣ ቅርንጫፉ ወይ ኤችአር ለአይቲ ማሳወቅ ነበረባቸው። ያ አለመሆኑ ራሱ ፋይንዲንግ (የኦዲት ግኝት) ነው።

ትሬይኒዋ_ከአዳማ

ግን እኮ የከፈትኩት ዊንዶውሱን ብቻ ነው፣ ኮር ባንኪንጉ (ብር ሚንቀሳቀስበት ዋናው ሲስተም) ሌላ ፓስወርድ አለው፣ እሱን እኔ አልነካም ጋሼም አይነኩም ዋናው መስሪያ ቤት ነው።

የኦዲት_ሰው

ታዲያ ያንን ከየት አመጡት? ከድሮም ይዋዋሱ ነበራ። አየሽ አንድ ክር ስትስቢ ሌላው ይመጣል።

ሄልፕዴስክ_ለዘላለም

እኔ ኦዲተሮችን ሳነብ ደሜ ይፈላል፣ ይቅርታ ወንድሜ በግል አይደለም 😅። ስምንት ዓመት ባንክ ሳፖርት ሰርቻለሁ። እናንተ ስትመጡ ፋይል ይዛችሁ ሁለት ሳምንት ሆቴል ተቀምጣችሁ ነው፣ ሰላሳ ቅርንጫፍ ላንድ ሰው የሰጠውን ግን ሪፖርት ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሰውየው ሞጆ ስዊች እየቀየረ ወንጂ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ ምን ያድርግ? ቲኬት ይክፈት? ዋናው መስሪያ ቤት ሄልፕዴስክ ስልክ ሚያነሳው መቼ ነው?

ጋሼ ትክክል ናቸው አላልኩም። የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሰኔ 23 ሌሊት ነው፣ የዓመት ሂሳብ መዝጊያ፣ ባንክ የሰራ ሰው ያውቀዋል ማንም እቤቱ አያድርም፣ ዳቦ በሻይ ይመጣል፣ አለቆች ክራቫታቸውን ፈተው ኮሪደር ላይ ይንጎራደዳሉ። አንድ የገጠር ቅርንጫፍ አልዘጋ አለ፣ አንድ ማሽን ድራይቨሩ (ዕቃውን ሚያሰራው ሶፍትዌር) ተበላሽቶ ነው፣ ሊንኩ ደካማ ስለሆነ ከዚህ ሆኜ ሪሞት ልገባ አልቻልኩም። ሌሊት 9 ሰዓት ሆነ። አካውንታንቱን በስልክ ይዤው የሎካል አድሚን ፓስወርዱን (ማሽኑ ላይ ሁሉንም ሚያስደርገውን) ነገርኩት፣ እየመራሁት ጫነው፣ 10 ሰዓት ላይ ዘጋን። ጀግና ተባልኩ፣ የምስጋና ደብዳቤ ሁሉ ተጻፈልኝ።

መስከረም ላይ ኦዲት ሄደ እዛ ቅርንጫፍ። አካውንታንቱ ፓስወርዱን እንዳይረሳው በወረቀት ጽፎ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጥፎታል። ያው ፓስወርድ ደሞ የሁሉም ቅርንጫፍ ነበር ያኔ፣ እንደዛ ነበር ምንሰራው። እሱን ለመቀየር በየቅርንጫፉ ስንዞር ወር ተኩል ፈጀ። አሁን ፋይሌ ውስጥ የምስጋና ደብዳቤና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ባንድ ክሊፕ ተይዘው አሉ፣ በአንድ ሌሊት ስራ።

ስለዚህ እህቴ ጋሼሽን አትፍረጂባቸው፣ ግን ዝምም አትበይ። እሳቸው "እኔ ጋ ነው ሚመጣው" ያሉሽ ካንቺ ላይ ሊያነሱልሽ ነው እንጂ ክፋት አይደለም፣ ይሄ የኛ ሰው ነው፣ ልጅ ከሚጠየቅ እኔ ልጠየቅ ነው። ችግሩ በዚህ አያልቅም።

የኦዲት_ሰው

የሰው እጥረቱን ሪፖርት ላይ ጽፌው አውቃለሁ፣ ሶስት ዓመት ተከታታይ። "በሂደት ላይ" ተብሎ ነው ሚመለሰው። በዛ በኩል ልክ ነህ፣ ደምህ ይፍላ።

አዙቢ_ፍራንክፈርት

ሰላም ከጀርመን። እኔ እዚህ አንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ አውስቢልዱንግ (እየሰሩ ሚማሩበት የሙያ ስልጠና) ላይ ነኝ፣ ፋሕኢንፎርማቲከር ሲስተም ኢንቴግራሲዮን፣ ያው የአይቲ ሲስተም ሙያ ነው፣ ሁለተኛ ዓመት (ጠቅላላው ሶስት ዓመት ነው)፣ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ሳይንስ ሁለት ዓመት ተምሬ አቋርጬ ነው የመጣሁት። ስላንቺ ሳነብ ሳቄም መጣ አዘንኩም።

እዚህ ያለው ልዩነት፣ ተማሪ ብትሆኚም ከመጀመሪያው ቀን የራስሽ ዩዘር አለሽ፣ ግን ባዶ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ማየት ብቻ እንጂ መንካት አልችልም ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥቁር ስለሆንኩ፣ ቋንቋም ስለማልችል አላመኑኝም ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ በጣም ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ከኔ ጋር የገባውን ጀርመናዊ ልጅ ስጠይቀው እሱም ያው ነው፣ እንደውም እሱ ፕሪንተር ክፍል ነበር የተመደበው 😂 ፕሪንተር የትም አገር ፕሪንተር ነው። ከ2025 ጃንዋሪ ጀምሮ ደሞ ዶራ ሚባል የአውሮፓ ህግ ባንክና ኢንሹራንስ ላይ መጣ፣ ከዛ ወዲህ ለምንም ነገር ቲኬት፣ ቲኬቱን ሚያጸድቅ ሌላ ሰው፣ አበዱ።

እና ፓስወርድ ባይዋዋሱም ኮምፒውተራቸውን ሳይቆልፉ ይሄዳሉ። አንድ ልማድ አላቸው፣ ሳትቆልፊ ከሄድሽ ያየ ሰው ባንቺ ኢሜይል ለመላው ቡድን "ነገ ኬክ አመጣለሁ" ብሎ ይልካል፣ ማምጣት ግዴታ ነው። አሰልጣኜ ሁለቴ አምጥቷል፣ ሁለተኛውን የላኩት እኔ ነኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። አለቃ ላይ እኮ ነው! እኛ አገር ማን ይደፍራል። ሰውየው ግን ስቆ የፖም ኬክ አመጣ።

አንድ ሊጠቅምሽ ሚችል ነገር፣ እዚህ ቤሪሽትስሄፍት ሚባል አለ፣ ያው ሎግ ቡክ ማለት ነው፣ ምን እንደሰራሽ ትጽፊያለሽ አሰልጣኙ እያየ ይፈርማል፣ ያለሱ የመጨረሻው ፈተና ላይ አትቀመጪም። እኔ መጀመሪያ "ፕሪንተር ጠገንኩ" ብቻ ነበር ምጽፈው። አሁን የቲኬት ቁጥር፣ ሰዓት፣ ማን እንዳዘዘኝ ሁሉ እጽፋለሁ። ያንቺ ሎግ ቡክ ላይ ያን ሐሙስ ምን ጽፈሻል?

ትሬይኒዋ_ከአዳማ

አሁን ከፍቼ አየሁት። "8:40 - ዩዘር አንሎክ (ጋሼ በስልክ)" ይላል፣ የቅርንጫፉም ስም አለ። ለካ ጽፌዋለሁ። ልቤ ነው የቆመው።

የኦዲት_ሰው

ወርቅ ነው ያለሽ። አትሰርዢው፣ ገጹን አትቅደጂው፣ አዲስም አትጻፊበት። ግን 8:40 ያንቺ ሰዓት ነው፣ ሲስተሙ ላይ 14:40 ነው ሚለው፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው። ስትናገሪ ሁለቱንም ይዘሽ ተናገሪ፣ ያለዛ "ሰዓቱ አይገጥምም" ተብሎ ሌላ ጣጣ ይሆናል። ከወለንጪቲው ታሪክሽ ተማሪ 😄

ትሬይኒዋ_ከአዳማ

እሺ ልናገር ወስኛለሁ ግን ኧረ እንዴት ብዬ? እሳቸውን አልፌ ለኦዲተር መናገር አልችልም፣ አባቴን እንደ መክሰስ ነው ሚሆንብኝ። ደሞ ሎግ ቡኩ።

ቲኬት_ክፈቱ

እህት፣ እኔም በትብብር ስልጠና ነው ባንክ የገባሁት፣ በኋላ እዛው ተቀጠርኩ፣ አሁን አምስተኛ ዓመቴ። ሴት ሆነሽ እዛ ክፍል ውስጥ ያለውን አውቀዋለሁ፣ ለአራት ወር "ሻይ አምጪ" ካላሉሽ ሰውየው ጥሩ ሰው ናቸው።

ኦዲተር ጋ ቀድመሽ አትሂጂ። መጀመሪያ ለሳቸው፣ ለብቻቸው፣ ቡና ሰዓት ላይ ሰው ፊት እንዳይሆን፣ ስልክ ላይም እንዳይሆን። "ተሳስተዋል" አትበያቸው። እንዲህ በይ፣ ጋሼ እኔ ከተጠየቅኩ መዋሸት አልችልም፣ ፊቴ ይናገራል፣ ያኔ እርስዎንም አበላሽብዎታለሁ፣ ስለዚህ ሳይጠይቁን እርስዎ ይጻፉላቸው፣ እኔም እፈርማለሁ። ይሄን ካልሽ መክሰስ አይደለም፣ ምርጫውን ለሳቸው ነው የሰጠሽው። ሰው ራሱ ያመጣው ጥፋትና ተፈልጎ የተገኘ ጥፋት ባንድ ሚዛን አይታይም፣ እኔ ባለሁበት ቢያንስ እንደዛ ነው።

ሎግ ቡኩን በተመለከተ አልፈርምም ካሉሽ የኮሌጅ ኢንስትራክተርሽ ለክትትል መምጣቱ አይቀርም፣ ለሱ ንገሪው። ግን ይፈርማሉ። አስራ አንድ ኬብል ቆርጦ ሚመልስ ሰው በቂም አይደለም ሚሰራው።

ፓስወርዳቸውን ደሞ ዛሬውኑ ይቀይሩት በያቸው። የልጅ ስም ከነ ዓመተ ምህረቱ 🤦🏾‍♀️

ሲስተም_የለም

እሺ እኔ ተሸንፌያለሁ፣ ዝም በይ ያልኩት ይሰረዝልኝ። ከዚህ በኋላ ምን እንደሆነ ግን ንገሪን፣ ተከታታይ ድራማ ሆኖብኛል።

ትሬይኒዋ_ከአዳማ

(ከሁለት ሳምንት በኋላ) ይቅርታ ቆየሁ። ነገርኳቸው። ሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ ኤሲው ስለሚጮህ ሰው አይሰማም ብዬ፣ ግን እኔም እሳቸው ያሉትን በደንብ አልሰማሁም 😭 ሁለቴ "እ?" አልኩ። መጀመሪያ ተቆጡ፣ "ማነው ይሄን ያስጠናሽ" አሉኝ (እናንተ 😂)። ከዛ ወጡ። ከሰዓት ሳይመለሱ ቀሩ። ማታ እቤት ሆኜ ስልኬን ሳይ ቴሌግራም ላይ የጻፉትን ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ልከውልኛል፣ "ያልገባሽ ካለ በይ" ሚል ብቻ ከስሩ። ስሜን አልጻፉም፣ "ሰልጣኝ" ነው ያሉት፣ ትዕዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ ይላል። ሁለት የፊደል ስህተት ነበረው አላረምኩትም።

ኦዲቱ መጣ። እኔን ሃያ ደቂቃ ያህል ጠየቁኝ፣ ሎግ ቡኩን ፎቶ አነሱት፣ ሰዓቱን በሁለቱም ተናገርኩ፣ አንደኛዋ ኦዲተር ሴት ናት ፈገግ አለች። የቅርንጫፉ ነገር ወደ ዋናው መስሪያ ቤት ሄዷል፣ ምን እንደተገኘ ለኔ አይነገረኝም። ጋሼ የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ለኔ በስሜ ዩዘር ተከፈተልኝ፣ የተቆለፈ መፍታት ብቻ ነው ሚችለው ፓስወርድ ሪሴት አይችልም፣ ስልጠናዬ ሚያልቅበት ቀን ላይ ራሱ ይዘጋል። በስልክ ሲደወልልኝ አሁን መልሼ በቅርንጫፉ መደበኛ ስልክ እደውላለሁ፣ ባለቤቱን ካላገኘሁ አልፈታም፣ አንዱ ማናጀር "አንቺ ደሞ ማን ነሽ" ብሎኛል።

ጋሼ ሶስት ቀን ከስራ ውጪ አላናገሩኝም። አራተኛው ቀን ጠዋት ገብቼ ሲስተሙን ስከፍት በስሜ የመጣ የመጀመሪያው ቲኬት አለ፣ ከሳቸው። "ፓች ኮርድ፣ ብዛት 20፣ አስቸኳይ።" ሰራሁ። አስራ ዘጠኙ አለፈ። አንዱን ቆርጠው መለሱልኝ።

ሎግ ቡኩም ተፈርሟል። በነገራችን ላይ ሲኦሲ ሌቭል 4 በቅርቡ የወሰዳችሁ ካላችሁ ፕራክቲካሉ ላይ ምን መጣባችሁ?

ቲኬት_ክፈቱ

ጎበዝ። ኢንቦክስ ግቢ፣ ያለኝን ኖት እልክልሻለሁ። ኬብል ግን እንደማትወድቂ ርግጠኛ ነኝ።

ሲስተም_የለም

ሁላችሁም እዚህ ካላችሁ አንድ ጥያቄ፣ ትናንት በሌላ ባንክ ኤቲኤም ብር ላወጣ ስል ከሂሳቤ ተቆረጠ ማሽኑ ግን ብሩን አልሰጠኝም፣ ኤቲኤሙ ያለበት ቅርንጫፍ ሄጄ "የኛ ደንበኛ አይደለህም" ብለው መለሱኝ። ማን ጋ ልጩህ?

ሄልፕዴስክ_ለዘላለም

ካርዱን የሰጠህ ባንክ ጋ ሂድና ፎርም ሙላ። የሌላ ባንክ ኤቲኤም ስትጠቀም በኢትስዊች (ባንኮቹን እርስ በርስ ሚያገናኘው ድርጅት) በኩል ነው ሚያልፈው፣ ክርክሩም በዛው መንገድ ነው ሚሄደው፣ የቆምክበት ቅርንጫፍ ምንም ሊያደርግልህ አይችልም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ኤቲኤሙ ያለበትን ቦታ ጽፈህ ሂድ፣ ደረሰኝ ከወጣልህ እሱንም ያዝ። ሰዓቱን በሁለቱም ጻፈው 😄